ቦሌ ከመድረሱ በፊት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ስለ ሯጭና ስለ ካሜራ የምተርክላችሁ አለኝ።

ዘመኑ 1957 ዓ.ም.፣ ቀኑ ጥቅምት 11፣ ቦታው ቶኪዮ ነው። የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም፤ ማራቶኑን ግን ብቻውን እየመራ ነው። ኮን ኢቺካዋ የሚባል ጃፓናዊ ዳይሬክተር የኦሊምፒኩን ፊልም እንዲሠራ ታዝዞ ካሜራ ያዦቹን በየመንገዱ አሰማርቷል። ኢቺካዋ ታዲያ ምን አደረገ? ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ አስገጥሞ የአበበን ፊት ያዘ። ያዘና አልለቅም አለ። እንቅስቃሴውን አዘገየው፤ ላቡ ከአገጩ ጠብ ጠብ ሲል፣ ዓይኑ ግራ ቀኝ ሳይል ፊት ለፊቱን ሲያይ፣ ተመልካች ትንፋሹን ይዞ እንዲከተለው አደረገ። አበበ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛው ከአራት ደቂቃ በኋላ ሲመጣ እሱ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በዚያው ፊልም ውስጥ ያለውን ሌላውን ሯጭ ግን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። አህመድ ኢሳ ይባላል፤ የ800 ሜትር ሯጭ፤ ከቻድ የመጣ። አገሩ ነፃ ከወጣች ገና አራት ዓመቷ ነው። ኢቺካዋ ይህን ልጅ በአትሌቶች መንደር ምግብ ቤት ብቻውን ተቀምጦ ሲበላ አነሳው። በማያውቀው ከተማ ብቻውን ሲዘዋወር አነሳው። ልጁ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ቀረ፤ ፊልሙ ግን አልተወውም። ያዘዙት ሹማምንት በሥራው ደስ አልተሰኙም፤ እነሱ የፈለጉት የአሸናፊዎችን መዝገብ ነበርና። እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ። ያን ልጅ ካየሁት ጀምሮ ሯጭ ማንሳት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማስበው በእሱ በኩል ነው።

የኛን አገር ሯጮች ፎቶ ብታገላብጡ አብዛኛው ቦሌ ላይ የተነሳ ነው። አውሮፕላኑ ያርፋል፣ አበባ ይዘው የሚጠብቁ ሕፃናት አሉ፣ ባንዲራው ትከሻ ላይ ይጣላል፣ ሜዳሊያው ከፍ ይላል፣ እኛ ፎቶ አንሺዎች እንገፋፋለን። ያ ፎቶ ይነሳ፤ የሚገባ ፎቶ ነው። ነገር ግን ከቦሌ ተነስታችሁ በመገናኛ በኩል ወደ ምሥራቅ ብትሄዱ፣ ላምበረትን አልፋችሁ ኮተቤና ካራ ስትደርሱ፣ ያ ሜዳሊያ የሚሠራበት ሰፈር ውስጥ ናችሁ። እዚያ ያለው ሕይወት ፎቶ የለውም። ከመቶ ሯጭ ቦሌ በአበባ የሚደርሰው አንድ እንኳ ላይሆን ይችላል፤ የቀሩት ሮጠው እንደነበር ምን ይመሰክርላቸዋል? ይህ ነገር አንጀቴን ስለበላው አንድ ልጅ ለመከተል ተነሳሁ።

ልጁ ከሰሜን ሸዋ ገጠር የመጣ ነው። ኮተቤ ላይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቷል። ንጋት ላይ ይሮጣል፣ ቀን ይተኛል፣ ማታ ኮሌጅ ገብቶ ሒሳብ አያያዝ ይማራል። ስሙን አልነግራችሁም፤ የጠየቀኝም እሱ ራሱ ነው። «ጋሼ፣ ስሜ ሰዓት ሳመጣ ይጻፍ፤ እስከዚያ ፎቶው ይበቃል» አለኝ። እሺ አልኩት።

አሰልጣኙም የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ፍላሽ የለም። ከፊታቸው አትቆምም። በልምምድ መሃል አንድም ልጅ አታናግርም። ፍላሽ የተከለከለበት ምክንያት ወዲያው ገባኝ። ከየካ በላይ ያለው ጫካ ውስጥ ሲገቡ ገና ጎሕ አልቀደደም። ባህር ዛፉ ሥር ድንጋይና ሥር ተደባልቆ ተኝቷል። ሯጮቹ በአንድ መስመር ሆነው፣ አንዱ የሌላውን እግር እያየ፣ በዛፎቹ መሃል እየተጥመለመሉ ይወጣሉ። የፊተኛው የረገጠበትን የኋለኛው ይረግጣል። ጨለማ የለመደ ዓይን ላይ አንድ ጊዜ ፍላሽ ቢበራበት ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል፤ የአንድ ዓመት ኮንዲሽን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ያለኝን ብርሃን ብቻ ይዤ መሥራት ነበረብኝ። ፎቶዎቹ ሻካራ ናቸው፤ ግማሾቹ ላይ የሚታየው የነጭ ካልሲ ጭረት ብቻ ነው። እነሱን በጣም እወዳቸዋለሁ። አበበም ሮም ላይ ያሸነፈው በማታ ነበር፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.። እዚህ አገር ቤት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ በሚለኮስበት ምሽት፣ እዚያ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ዳር የቆሙ የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ለባዶ እግሩ ሯጭ ያበሩለት ነበር። የኛ ሩጫ ከጨለማ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው።

አንድ ቀን ልጁን ተከትዬ ወደ ቦሌ ወረድኩ። ጉዳዩ ማናጀር ዘንድ ነበር፤ ውጤቱን አሳይቶ የውጭ ውድድር ይገኝልኝ ይሆን ብሎ ሊጠይቅ። ታክሲው በቦሌ መንገድ ሲያልፍ ዓለም ሕንፃን በጣቱ አሳየኝ። ለሌላው ሰው ሕንፃ ነው፤ ለእነሱ ግን ማስረጃ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በባለቤቱ በዓለም ጥላሁን ስም የሰየመው ነው፤ ውስጡ ሲኒማ ቤት አለ። እኔም ኃይሌ ራሱ ፊልም ላይ እንደሠራ ነገርኩት፤ አላየውም ነበር። «ኢንዱራንስ» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የገባው። እንግሊዛዊው ሌስሊ ውድሄድ የኃይሌን ልጅነት በትወና ሲያቀርብ ኃይሌ ራሱን ሆኖ ተጫውቷል፤ ቤተ ዘመዶቹም የቤተሰቡን ሰዎች ሆነው ገብተዋል። የአትላንታውን ውድድር ያነሳው ደግሞ የኦሊምፒክ ፊልሞች ሰው ቡድ ግሪንስፓን ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ 10,000 ሜትር፣ 27 ደቂቃ ከ7.34 ሰከንድ፣ ፖል ቴርጋት ከኋላ። ለልጁ ይበልጥ የጣመው ግን የወርቁ ታሪክ አልነበረም። ኃይሌ አሰላ አካባቢ ደብተር ጨብጦ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ እንደነበር፣ ከዚያ የተነሳ ትልቅ ሰው ከሆነም በኋላ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ደብተር እንደያዘ ታጥፎ እንደሚቀር ስነግረው የራሱን ክንድ አየና ዝም አለ።

ያ ካሜራ ወደ ኃይሌ የመጣው ስሙ ከታወቀ፣ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሰበረ ወዲያ ነው። ስም ወደሌላቸው የሄደ ፊልምም አለ። ጄሪ ሮትዌል በቆጂ ወርዶ፣ እነ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ያፈሩትን አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን ይዞ፣ ሁለት ተማሪ ልጃገረዶችን ለዓመታት ተከተለ። «የሯጮች ከተማ» የተባለው ያ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ሁለቱም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አልነበራቸውም። የሚታዩት ሲማሩ፣ ከቤት ሲለዩ፣ ክለብ ገብተው ሲቸገሩ ነው። እኔ ከሁሉም የማከብረው ይህን ነው። ሦስቱንም ፊልሞች የሠሩት ግን የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። እግዜር ይስጣቸው፤ ባይኖሩ ብዙ ነገር ጠፍቶ ይቀር ነበር። ሆኖም ኮተቤ ለእኔ አንድ የታክሲ መንገድ ነው። ቋንቋውን አውቃለሁ፣ ጾሙን አብሬ እጾማለሁ፣ እናቱ ሲደውሉ ምን እንደሚሉት ይገባኛል። ይህን ሥራ ለሌላ ሰው የምንተውበት ምክንያት አይታየኝም።

ማናጀሩ ዘንድ የነበረው ጉዳይ አጭር ነው፤ «ሰዓትህን አሻሽልና ተመለስ» ተባለ።

ወደ ክፍሉ ልውሰዳችሁ፤ የዚህ ሥራ ልቡ ያለው እዚያ ነው። ሦስት ፍራሽ፣ አንድ ምድጃ፣ በሶ የተቀመጠበት ባለ ክዳን ጣሳ፣ ግድግዳው ላይ የጊዮርጊስ ሥዕል። ልጁ ከልምምድ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ጫማውን ነው። ማሰሪያውን ፈትቶ ያወጣል፣ የውስጡን ሶል ለብቻው ያደርጋል፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የሶሉን ጭቃ ጥርስ በጥርስ ያጸዳል። ከዚያ ጋዜጣ ጨምድዶ ቅርጹ እንዳይበላሽ ውስጡን ይሞላና ጥላ ላይ ያሰጣዋል፤ ፀሐይ ሙጫውን ያላላዋል ይላል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አይቸኩልም። ጫማው ሁለተኛ እጅ ነው፣ ከሌላ ሯጭ የተገዛ፣ ተረከዙ በሌላ ሰው አረጋገጥ ያለቀ። ጣቱ ያችን ያለቀች ቦታ ሲዳስሳት ያነሳሁት ፎቶ አለኝ።

ሌላው ደብተሩ ነው። አሯሯጡን የሚመዘግበው በኮሌጅ በተማረው መንገድ ነው፤ መስመር አስምሮ፣ በግራ ገቢ በቀኝ ወጪ ብሎ። «ኮረኮንች፣ 1 ሰዓት ከ20፣ እግር ደህና» በገቢ በኩል ይጻፋል። «ሌሊት እንቅልፍ አልነበረም፣ የቤት ኪራይ» በወጪ በኩል። በየወሩ መጨረሻ ያመዛዝነዋል። እኔ ብዙ የስፖርት ጸሐፊ አንብቤአለሁ፤ የአንድን ሯጭ ወር እንዲህ ፍርጥ አድርጎ ያስቀመጠ አላየሁም። ገጾቹን በፈቃዱ አንድ በአንድ አንስቻቸዋለሁ።

አሁን ወደ ሰንዳፋው ቀን ልምጣ። ሰንዳፋ በደሴ መንገድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ይልቅ አየሩ ይሳሳል፣ ንፋሱም ክፉ ነው። የአስፋልት ቀን ነበር፤ ረጅሙ። ሰርቪሱ ከኋላ ይከተላል፤ አሰልጣኙ በሩ ላይ ቆመው ሰዓት ይጠራሉ፣ ረዳቱ የውሃ ኮዳ ያቀብላል። ልጁ መጀመሪያ ላይ ከፊተኞቹ ጋር ነበር። ከዚያ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሦስት እርምጃ ራቀ። ፊተኞቹ ቀስ እያሉ አነሱ። ሰርቪሱ አጠገቡ ደርሶ አዘገመ። አሰልጣኙ አልተቆጡም፤ በሩን ብቻ ከፈቱለት። ገባ። ማንም ምንም አልተናገረም። በጉዳት ምክንያት ያን ቀን የማይሮጥ አንድ ጓደኛው ተነስቶ ቦታውን ለቀቀለት፣ ጃኬቱን አለበሰው፣ ከኮዳው ውሃ እያፈሰሰ እግሩን ያሽለት ጀመር። ያኔ አነሳሁ። ፎቶው ላይ የጓደኛው እጅና የልጁ ባት ነው ያለው፤ ከላይ ደግሞ የልጁ ፊት።

ፎቶዎቹን አሳትሜ ስወስድለት ያችን ብቻ ወደ ጎን አደረጋት። «ይቺ ትቅር ጋሼ» አለ። በልቤ ከሁሉም የበለጠችው እሷ ነበረች፤ ነገርኩትም። «አውቃለሁ» አለኝ፣ «ግን ወርጄ ስገባ የሚያየኝ ሰው መጀመሪያ ስሮጥ ያየኝ ይሁን።» ተከራከርን። እሱ አልተለወጠም፤ እኔም በመጨረሻ አልጫንኩትም፤ ፊቱ የእሱ ነው። ፎቶዋ በፖስታ ታሽጋ እሱ ዘንድ ተቀምጣለች፤ የምትወጣበትን ቀን የሚወስነው እሱ ነው። የሰውን ድካም ሳያስፈቅዱ አደባባይ ማውጣት ሌብነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር።

የጫማውን ፎቶ ለእናቱ ላከላቸው። እናቱ ደወሉ። ድምፁ ጎልቶ ይሰማ ነበር፤ «ጫማህን ምን ላድርገው? አንተ የታለህ? ስትበላ ያለውን ላክልኝ» አሉት። ሦስቱም ጓደኛማቾች ሳቁ። በነጋታው ከልምምድ መልስ ሦስቱ አንድ ትሪ ከበው ሽሮ ሲበሉ አነሳኋቸው፤ አንዱ ለሌላው ሲያጎርስ። እናቱ ያንን ተቀብለው አሁን ሦስቱንም ስም በስም እየጠሩ ይመርቃሉ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሰፋ። ጓደኞቹ «እኛንስ?» አሉ። ፍላሽ የከለከሉኝ አሰልጣኝም በዓመታት ውስጥ በእጃቸው ያለፉትንና ሩጫ የተዉትን ልጆች እየጠሩ፣ አንዱ ሲኤምሲ ባጃጅ እንደሚነዳ፣ አንዷ አያት ላይ ምግብ ቤት እንደከፈተች ነግረውኝ አድራሻቸውን ሰጡኝ። በመጨረሻ የሰርቪሱ ሾፌር ጎተት አደረጉኝ። ስንቱን ሯጭ ሰንዳፋና ሰበታ አመላልሰው፣ ስንቱን ከመንገድ አንስተው፣ አንድም ፎቶ ላይ እንደሌሉ ነገሩኝ። መሪው ላይ ሆነው እንዲነሱ ይፈልጋሉ፤ መኪናው መጀመሪያ መታጠብ አለበት ብለዋል። ለእሁድ ከልምምዱ በኋላ ላምበረት አጠገብ ካለው እጥበት ተቀጣጥረናል።