የስፓም ማጣሪያ ሰርቨር የሥራ ክፍፍል እንዴት እንደ ተገኘ

የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ሥርዓት ሲጠነሰስ ተጠቃሚዎቹ እርስ በርሳቸው የሚተማመኑ ጥቂት ተመራማሪዎች ስለ ነበሩ፣ ደጁ ያለ ዘበኛ ክፍት ሆኖ ቀረ። በሜይ 1978 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ የገበያ ባልደረባ የነበረው ጋሪ ቱርክ፣ በአርፓኔት መረብ ላይ ለ400 ያህል ሰዎች የንግድ ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ። ጆን ፖስቴል በ1982 ያወጣው የደብዳቤ ማስተላለፊያ ደንብም ቢሆን የላኪውን እውነተኛ ማንነት የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም። በ1990ዎቹ ኢንተርኔት ለንግድ ሲከፈት ያልተጠየቀው ማስታወቂያ እንደ ክረምት ጎርፍ መጣ።

ከዚህም የተነሣ የማጣሪያ ፕሮግራሞች ተወለዱ። ማርክ ጄፍቶቪች በ1997 በጀመረው ማጣሪያ ላይ ተመሥርቶ ጀስቲን ሜሰን በ2001 ስፓምአሳሲን የተባለውን ፕሮግራም አወጣ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ደብዳቤ በብዙ መመዘኛዎች እየፈተነ ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ 5 ሲደርስ ደብዳቤው ስፓም ይባላል።

ፍርዱ ግን ዋጋ ነበረው። ፕሮግራሙ በፐርል ቋንቋ የተጻፈ በመሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ እንደ አዲስ ሲነሣ ደንቦቹን ሁሉ ዳግመኛ ማንበብ ነበረበት። መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ሆነ፤ ይኸውም ስፓምዲ የተባለው ሰርቨር ደንቦቹን አንድ ጊዜ አንብቦ በ783ኛው በር ላይ ይጠብቃል፤ ስፓምሲ የተባለው ቀላል ደንበኛም ደብዳቤውን ያደርስለታል። በ2ኛው ትውልድ ስፓምዲ ጥያቄ በመጣ ቁጥር አንድ ልጅ ሂደት ይወልድ ነበር፤ ልጁም ያንን ደብዳቤ ከመረመረ በኋላ ይሞታል። ጥያቄ በበዛበት ሰዓት ግን መውለዱ ራሱ ሸክም ይሆናል።

በ2004 በወጣው በ3.0 እትም ልጆቹ አስቀድመው ተወልደው ጥያቄ እንዲጠባበቁ ተደረገ፤ ሥራውም ለሁሉም እኩል ይደርሳቸው ጀመር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ የሚሠራ ይመስላል። የኮምፒዩተር ጠባይ ግን ተቃራኒውን አስተማረ። እያንዳንዱ ልጅ ብዙ ማኅደረ ትውስታ ስለሚይዝ፣ ሁሉም በየተራ ሲሠሩ አንዱም ዕረፍት አያገኝም፤ ቦታው ሲጠብብም ኮምፒዩተሩ ከዲስክ ወደ ማኅደረ ትውስታ በማመላለስ ብቻ ይዳከማል።

ስለዚህ በ2005 የወጣው የ3.1 እትም ከአፓቺ የድረ ገጽ ሰርቨር ጋር የሚመሳሰል ዘዴ ያዘ። ወላጁ ሂደት የልጆቹን ሁኔታ እየተከታተለ፣ አዲሱን ጥያቄ ሥራ ከፈቱት መካከል የመለያ ቁጥሩ ዝቅተኛ ለሆነው ይሰጣል። በዚህም ጥቂቶቹ ዘወትር ይሠራሉ፤ የቀሩት ያርፋሉ። በተለመደው አቀማመጥ ሥራ ፈት ልጅ ከ1 ካነሰ ወላጁ ሌላ ይወልዳል፤ ከ2 ከበለጠም ይቀንሳል፤ ጠቅላላው ግን ከ5 አያልፍም። አንድ ልጅ 200 ጥያቄ ካስተናገደም በሌላ ይተካል።

አምስቱም ሥራ ሲይዙ ተከታዩ ጥያቄ በበሩ ላይ ወረፋ ይይዛል። ብዙ ሰርቨር ጠባቂዎች በዚህ ጊዜ የልጆቹን ቁጥር ወደ ማብዛት ያዘነብላሉ፤ ነገር ግን ማኅደረ ትውስታው ካልበቃ የተጨመረው ልጅ ሁሉንም ያዘገያል። ደንበኛውም ሰርቨሩን ማግኘት ካልቻለ፣ በተለመደው አቀማመጥ፣ ደብዳቤውን ሳያጣራ ወደ ባለቤቱ ያሳልፈዋል። ይህ የታሰበበት ምርጫ ነው፤ መቶ የንግድ ማስታወቂያ ቢያልፍ ተቀባዩን ያሰለቸዋል፣ አንድ የሚጠበቅ ደብዳቤ ቢጠፋ ግን ጉዳቱ ላይጠገን ይችላል። የሰርቨሩም ጠባቂ የልጆቹን ቁጥር ሲወስን የሚመዝነው ይህንኑ ነው፦ ቁጥሩ ከሚገባው በታች ቢሆን ወረፋው ይረዝማል፤ ከአቅም በላይ ቢሆን ደግሞ ማጣሪያው ራሱ ይዝላል፤ በሁለቱም መንገድ ያልተመረመረው ደብዳቤ ደጁን አልፎ ይገባል።