ጣፋጭነት ከእንጨት፦ በቆዳ ላይ የሚቀረው ሽቶ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ በታሪክ ትምህርት ክፍሎች ውስጥ እምብዛም ስለማይነሣ ነገር፣ ስለ ሽቶ ነው። ከሽቶዎችም መካከል ቀማሚዎች «እንጨታማ ጉርማንድ» የሚሉትን ቤተሰብ መርጫለሁ። «ጉርማንድ» በፈረንሳይኛ መብል ወዳድ ማለት ሲሆን፣ በሽቶ ቀማሚዎች ዘንድ ቫኒላን፣ የነደደ ስኳርን ወይም ቸኮላትን የሚያስታውስ ሽታን ያመለክታል። «እንጨታማ» የሚባለው ደግሞ የአርዝን፣ የሰንደልንና የመሳሰሉትን ደረቅ ጠረን ነው። ይህ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሁለት ባዕዳን ጋብቻ ሆኖ ይገለጻል፤ ጣፋጩ ከማድ ቤት፣ ደረቁ ከጫካ እንደ መጣ ይታሰባል። እኔ የምሟገተው ይህ አገላለጽ ታሪኩን ይጋርዳል ብዬ ነው። ጣፋጩም ቢሆን ወደ ሽቶ ጠርሙስ በብዛት የገባው በእንጨት በኩል ነው። ከዚህም ጋር ሌላ ነገር ላሳይ እወዳለሁ፤ በቆዳ ላይ ረጅም ጊዜ የሚቆየው የሽቶው ክፍል፣ ያስገኙት ሰዎች ስም ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋበት ክፍል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ሽቶው በቆዳ ላይ የሚሆነውን እንመልከት። እንዲህ ያለ ሽቶ የእጅ አንጓ ላይ ሲነካ መጀመሪያ የሚሰማው የብርቱካን ዘመዶች ልጣጭ ሽታ ነው፤ ብሩህ፣ ጥቂትም የሚቆጠቁጥ ነው። ይህ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። ቀጥሎ ቅመም፣ አበባ ወይም የደረቀ ፍሬ ይመጣል፤ ጣፋጩም ከሥር መታየት ይጀምራል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ልጣጩም አበባውም ሄደው ቫኒላና እንጨት ብቻቸውን ይቀራሉ። በዚህ ጊዜ ሁለቱን ለይቶ ማሽተት ያስቸግራል፤ እንጨቱ የጣፈጠ፣ ጣፋጩም የደረቀ ይመስላል። በማግስቱ በልብስ እጅጌ ላይ የሚገኘው ይኸው ቅሪት ነው።

የዚህ ለውጥ ምክንያት በዋነኛነት ትነት ነው። የብርቱካን ልጣጭ ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ሊሞኒን በ176 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲፈላ፣ የቫኒላ መዓዛ ዋና አካል የሆነው ቫኒሊን እስከ 285 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል። በሞለኪውል ክብደት ግን ልዩነታቸው ጥቂት ነው፤ አንዱ 136፣ ሌላው 152 ነው። ቫኒሊንን የሚያቆየው ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው በሃይድሮጅን ትስስር መያያዛቸው ነው። የቆዳ ሙቀት 32 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቀላሉ ይበራል፤ የተሳሰረው ይዘገያል። የቆዳ ወዝም የራሱ ድርሻ አለው፤ ወዛም ቆዳ መዓዛውን ይዞ ሲያቆይ ደረቅ ቆዳ ቶሎ ይለቀዋል። አፍንጫም ሽታውን ይለምደዋልና፣ የተቀባው ሰው «ጠፋ» ያለውን ሽቶ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ገና ይሰማዋል።

ይህን ቅደም ተከተል በሥርዓት መመደብ ራሱ ታሪክ አለው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ሴፕቲመስ ፒስ ሽታዎችን እንደ ሙዚቃ ድምፆች በመሰላል ደረደራቸው። በ1955 ደግሞ ዊልያም ፑቸር የሽቶ ጥሬ ዕቃዎችን በሚተኑበት ፍጥነት ከ1 እስከ 100 ቁጥር ሰጥቶ መደባቸው። ዛሬ «ራስ፣ ልብ፣ መሠረት» ተብሎ የሚነገረው ሦስትዮሽ ክፍፍል በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ያረፈ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መሠረት የተባለው ክፍል ነው።

የመሠረቱ ጣፋጭ አካል ታሪክ ከሜክሲኮ ይጀምራል። የቫኒላ ሐረግ ወደ ፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ወደ ሬዩንዮን ደሴት በተወሰደ ጊዜ አበበ እንጂ እንደ አገሩ አላፈራም፤ በትውልድ ስፍራው የሚያራቡት ነፍሳት በደሴቲቱ አልነበሩምና። በ1841 ኤድሞን የተባለ የ12 ዓመት ባሪያ ልጅ በቀጭን ስንጥርና በአውራ ጣቱ አበባውን በእጅ የማራባት ዘዴ አገኘ። የዓለም የቫኒላ እርሻ ዛሬም የሚሠራው በዚያ ዘዴ ነው። ኤድሞን በ1848 ባርነት ሲወገድ ነፃ ወጥቶ «አልቢዩስ» የሚል የቤተሰብ ስም ተሰጠው፤ በ1880 ግን በድህነት ሞተ። ከሥራው የተገኘው ሀብት ለእርሱ አልደረሰም።

እንዲህም ሆኖ አበባን አንድ በአንድ በእጅ ማራባት አድካሚ ስለሆነ ቫኒላ ውድ ነበር። ነገሩን የለወጠው እንጨት ነው። ኒኮላ ጎብሌ በ1858 ቫኒሊንን ከቫኒላ ፍሬ ለይቶ አወጣ። በ1874 ጀርመናውያኑ ፈርዲናንድ ቲማንና ቪልሄልም ሃርማን ኮኒፈሪን ከሚባል፣ በፈረንጅ ጥድ ቅርፊት ሥር ባለው ፈሳሽ ከሚገኝ ንጥረ ነገር ቫኒሊንን ሠሩ፤ በሆልትስሚንደን ከተማም ፋብሪካ ተቋቋመ። በ1930ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ የወረቀት ፋብሪካዎች ከሚጥሉት ዝቃጭ፣ ማለትም እንጨትን ከሚያጠነክረው ሊግኒን፣ ቫኒሊን በብዛት ይመረት ጀመር። ሌላውም ጣፋጭ ንጥረ ነገር፣ የነደደ ስኳር ሽታ ያለው ማልቶል፣ በ1861 የተገኘው ላርች ከሚባል ዛፍ ቅርፊት ነው። እንግዲህ በቆዳ ላይ ቫኒላና እንጨት ተዋሕደው ሲገኙ ሊያስደንቀን አይገባም፤ ዝምድናቸው ከቀማሚው ጥበብ ይቀድማል።

ይህ ርካሽ ቫኒሊን ወደ ሽቶ ሲገባ አገራችንም የታሪኩ ተካፋይ ሆና እናገኛታለን። ኤሜ ጌርሌን በ1889 በፓሪስ ያወጣው «ዢኪ» ላቬንደርን ከቫኒሊንና ከኩማሪን ጋር አጣመረ፤ ከሥሩም ዝባድ ነበረበት። በ1925 ለገበያ የቀረበው የዣክ ጌርሌን «ሻሊማር» ደግሞ ከቫኒሊን የሚበረታውን ኤትል ቫኒሊንን በብዛት ተጠቀመ፤ ዝባድም አልተለየውም። የዝባድ ዋነኛ አቅራቢ ለረጅም ዘመን ኢትዮጵያ ነበረች። በከፋ፣ በእናርያና በአካባቢያቸው ወንድ ጥርኞች በቀፎ ተይዘው፣ ዝባዳቸው እየተጠረገ፣ በከብት ቀንድ ታጭቆ በሲራራ ነጋዴ ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ይወርድ ነበር። ጥሬው ዝባድ አፍንጫ ይመታል፤ እጅግ ሲቀጥን ግን ሌላውን ሽታ ያሞቃል፣ በቆዳም ላይ ያጸናዋል። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የዝባድን ዋና ንጥረ ነገር የሲቬቶንን ቅርጽ በ1926 ገለጠ፤ በ1939ም የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት አንዱ ሆነ። ዛሬ አብዛኞቹ ቀማሚዎች በቤተ ሙከራ የተሠራውን ይጠቀማሉ፤ ለዚህም በጠባብ ቀፎ ውስጥ ስለሚያዘው እንስሳ ሥቃይ የተነሣው ተቃውሞ አንዱ ምክንያት ነው። ይህን ተቃውሞ እኔም ተገቢ እላለሁ።

«ጉርማንድ» እንደ ራሱ ቤተሰብ የቆመው በ1992 ነው። በዚያ ዓመት ኦሊቪዬ ክሬስፕ ለቲዬሪ ሙግለር የቀመመው «ኤንጀል» በተፈጥሮ የማይገኘውን፣ ከማልቶልም በብዙ እጥፍ የሚበረታውን ኤትል ማልቶልን ከፓቹሊ ጋር አገናኘ። ፓቹሊ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ተክል ቅጠል ነው፤ ሽታው ግን የእርጥብ አፈርና የአሮጌ እንጨት ነው። ያ ጨለማ መሠረት ባይኖረው ኖሮ የስኳሩ ሽታ የሕፃን ከረሜላ ሆኖ በቀረ ነበር። በዚያው ዓመት በሺሴይዶ ስም የወጣው የሰርዥ ሉታንስ «ፌሚኒቴ ዱ ቧ» በሌላው አቅጣጫ ተነሣ፤ አርዝን ማዕከል አድርጎ በደረቅ ፍሬና በቅመም አጣፈጠው። አንዱ ከስኳር ወደ እንጨት፣ ሌላው ከእንጨት ወደ ፍሬ ተጓዙ። ከዚያ በኋላ የመጡት እንጨታማ ጉርማንዶች በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች መካከል የሚመላለሱ ናቸው።

የእንጨትን ጣፋጭነት በቆዳ ላይ ማኖር ግን የፓሪስ ግኝት አይደለም። በወሎና በሌሎች የሰሜን አካባቢዎች ሴቶች የወይባ እንጨት ጢስ ይሞቃሉ፤ ጠረኑም በገላቸው ላይ ለቀናት ይቆያል። እንጨት ሲጤስ ሊግኒኑ ይፈርስና ጓያኮልን የመሳሰሉ ጢሳም ንጥረ ነገሮችን፣ ከእነርሱም ጋር ጥቂት ቫኒሊን ይሰጣል። ፋብሪካው በአሲድና በአልካሊ የሚሠራውን እሳት በራሱ መንገድ ይሠራዋል። ልዩነቱ አንደኛው በፈጠራ ባለቤትነት መዝገብ መጻፉ፣ ሌላው ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለታሪክ ተማሪ የሚተርፈው ምንድን ነው? የሽቶ ታሪክ ሲጻፍ የቀማሚውና የንግድ ቤቱ ስም ይቀድማል፤ ልክ የብርቱካኑ ሽታ በቆዳ ላይ እንደሚቀድም። አልቢዩስ፣ የጥርኝ ጠባቂዎች፣ ወይባ የሚያጤሱ ሴቶች ከሥር ናቸው፤ የአብዛኞቹም ስም አልተመዘገበም። ይሁን እንጂ ሥራቸው ከሰዓታት በኋላም የሚሰማው ክፍል ነው። ይህን የምለው ቀማሚውን ለማሳነስ አይደለም፤ ኤትል ማልቶልን ከፓቹሊ ጋር ማስታረቅ እውነተኛ ብልሃት ነው። ጥያቄዬ ስለ ማስረጃ ነው። የመዝገብ ቤት ሰነድ የሚነግረን አስቀድሞ የተጻፈውን ነው። ያልተጻፈውን ለማግኘት ቁሳቁሱን ራሱን፣ ቀንዱን፣ ቅርፊቱንና የፋብሪካውን ዝቃጭ መከተል ያስፈልጋል። በመካከላችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ የዝባድ ንግድ በአቅራቢያችሁ ይጠብቃችኋል፤ ሥራውን የሚያውቁ አረጋውያንም ዛሬ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ነገ ግን ላይገኙ ይችላሉ።