ትንፋሽ ያጠረው ሞተር

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አሮጌ መኪና ይዞ የወጣ ሰው የማወራው ይገባዋል። ማርሹ አንደኛ ላይ ነው፣ ነዳጁ እስከ ወለሉ ተረግጧል፣ ሞተሩ ግን እንደ አስም በሽተኛ ያለከልካል። እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት እናቶች ሳይቀሩ ያዝኑልሃል።

ጥፋቱ የመኪናው ብቻ አይደለም። ሞተር ቤንዚን ብቻ አይበላም፤ አየርም ይተነፍሳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ለዚህ ትንፋሽ ማጠር መድኃኒት የሆነውን ሐሳብ በ1905 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ያስመዘገበው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ ነው። በማርሚታ በከንቱ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ተርባይን ያሽከርክር፣ እሱም አየር እያመቀ ወደ ሲሊንደር ይግፋ አለ። ቱርቦ የምንለው ይኸው ነው።

ዛሬ ብዙ ወጣት ቱርቦን የፍጥነት ጌጥ ያደርገዋል። ስሙን ያስጠራው ግን ተራራ ነው። በ1918 የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሳንፎርድ ሞስ፣ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ጫፍ፣ 4,300 ሜትር ላይ አወጣው። ዝቅ ባለ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ 230 ብቻ ሆነ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356!

እኔም ይህን አንብቤ ልቤ አበጠ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ቱርቦ ገዝቼ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ጎረቤቴ የሆኑት አዛውንት መካኒክ «ልጄ፣ መጀመሪያ ሞተሩን አስከፍት፤ ፒስተኑ ይህን አይችልም» ብለውኝ ነበር። የጋራዡ ልጅ ደግሞ «ችግር የለም፣ እንገጥመዋለን» አለኝ። እኔ የሚጣፍጠውን ሰማሁ።

የታመቀ አየር ይግላል። ሲሊንደር ውስጥ እንደገና ሲታመቅማ ቤንዚኑ የካንዴላው እሳት ሳይደርሰው በራሱ ይፈነዳል። መካኒኮች «ያንኳኳል» የሚሉት ይህንን ነው። ጄኔራል ሞተርስን የሚያህል ኩባንያም ተፈትኖበታል። በ1962 የወጣው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር፣ የመጭመቂያ ልኩ 10.25 ለ1 ሆኖ ሳለ ቱርቦ ተጨመረለት፤ እንዳያንኳኳም ውኃና ሜታኖል የሚረጭ ማብረጃ ተገጠመለት። ባለመኪኖቹ ግን ጋኑን መሙላት እየረሱ ተቸገሩ። ጋኑ ሲደርቅ ቱርቦው ይታገዳል፣ መኪናው ይሰንፋል፣ ስሞታ ይዘንባል። በሁለት ዓመት ውስጥ ምርቱ ቆመ፤ የብዙዎቹም ቱርቦ ተነቅሎ ተራ ካርቡራተር ገባላቸው። የስዊድኑ ሳብ በ1977 ባሳየው 99 ቱርቦ የመጭመቂያ ልኩን ዝቅ አድርጎ ጀመረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ማንኳኳቱን ሰምቶ የቱርቦውን ግፊት የሚቀንስ ጆሮ አበጀለት።

የእኔ መኪና ጆሮ የለውም። እኔም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን የእንጦጦን ዳገት እንደ አሞራ ወጣሁት። መጨረሻው ላይ ጠጠር በጣሳ የሚናጥ የመሰለ ድምፅ ሰማሁና ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩ።

አዛውንቱ መካኒክ ቴስታታውን ፈትተው ሦስተኛውን ፒስተን አወጡት። ጣታቸውን በቀዳዳው አሳልፈው እያሳዩኝ፣ «ሬዲዮው ግን ደኅና ነው?» አሉኝ።