የቴሌቪዥን መምጣትና የናድሮጋ ልጃገረዶች

አንድ የቴሌቪዥን ማሠራጫ ተተክሎ ሥራ ሲጀምር መሐንዲሱ የሚለካው የሞገዱን ኃይልና የሚሸፍነውን የቦታ ስፋት ነው። ምስሉ በተመልካቹ ሰው ላይ የሚያደርሰው ለውጥ ግን እምብዛም ሲለካ አይታይም። ከዚህ ልማድ ውጭ ከሆኑት ጥቂት ታሪኮች አንዱ በፊጂ ደሴቶች የተፈጸመው ነው።

ፊጂ በደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ከ300 በላይ ደሴቶችን የያዘች አገር ናት። በትልቋ ደሴት በቪቲ ሌቩ በሚገኘው በናድሮጋ አውራጃ፣ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ልማድ መሠረት የሴት ልጅ ውበት በደልዳላና በጠንካራ ሰውነት ይገለጥ ነበር። ሰውነት የግል ብቻ ሳይሆን የቤተ ዘመድም ጭምር ነው፤ የተመቸው ገላ ወገን እንዳለው ሲመሰክር፣ መክሳት ግን ጠያቂ የማጣት ምልክት ሆኖ ያሳስብ ነበር። በደጃፍ የሚያልፈው መንገደኛ ሳይቀር «ና ብላ» ተብሎ ይጠራል።

ቴሌቪዥን ወደ ናድሮጋ የገባው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። የአእምሮ ሐኪምና የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ የሆኑት የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ ዶክተር አን ቤከር ቀደም ብለው በፊጂ ጥናት ያካሄዱ ስለ ነበሩ፣ ሥርጭቱ በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 63 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶችን ስለ አመጋገባቸው ጠየቁ። በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ለሌሎች 65 ልጃገረዶች አቀረቡ። በመጀመሪያው ጊዜ የአመጋገብ መታወክ ምልክት ጎልቶ የታየባቸው ከመቶ 12.7 ሲሆኑ፣ በሁለተኛው 29.2 ደረሱ። ክብደት ለመቀነስ ስትል የበላችውን ሆን ብላ የምታስመልስ በ1995 አንዲትም አልተገኘችም፤ በ1998 ግን ከመቶ 11.3 ሆኑ። ከመቶ 74ቱም ቢያንስ አልፎ አልፎ ከመጠን በላይ የወፈሩ እንደሚመስላቸው ተናገሩ።

በቃለ መጠይቁ ልጃገረዶቹ በውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎች የሚያዩዋቸውን ሴቶች መምሰል እንደሚሹ ገለጡ። ቅጥነት ለብዙዎቹ የውበት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ በሚለወጠው ኑሮ ሥራ ለማግኘትና ለመከበር የሚያበቃ መንገድም ሆኖ ታይቷቸዋል።

በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ ጥናት ግን የራሱ ወሰን አለው። ያነጻጸረው ሁለት የተለያዩ ቡድኖችን ነው እንጂ እነዚያኑ ልጆች አልተከታተለም፤ ቴሌቪዥን ያልደረሰበት መንደርም ለማነጻጸሪያ አልተያዘም። ስለዚህ ጥፋቱን በሙሉ በመሣሪያው ላይ መጫን ሚዛን ማጉደል ይሆናል።

ነገሩ በዚህ አልቆመም። በ2007 እ.ኤ.አ. በ523 የፊጂ ልጃገረዶች ላይ የተደረገው ሌላ ጥናት፣ አንዲት ልጅ ራሷ ከምታየው ተለይቶ ጓደኞቿ የሚያዩትም ከአመጋገብ መታወክ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። እንግዲህ በአንድ ቤት መሣሪያውን ማጥፋት ብቻውን ልጅን አያድንም፤ ምስሉ በጓደኛ አንደበትና ዓይን በኩል ዞሮ ይገባልና። ምስል ከሳሎን አልፎ በእጅ ስልክ በሚዞርበት በዛሬው ዘመን ይህ ቁም ነገር ይበልጥ ይከብዳል።

የናድሮጋ ታሪክ ሊነገር የቻለው የመጀመሪያው ልኬት በጊዜው ስለ ተወሰደ ነው። አዲስ መሣሪያ በሕዝብ መካከል ሥር ከሰደደ በኋላ የቀድሞውን ሁኔታ ተመልሶ መለካት አይቻልም።