ስለ ጥርስ ድልድይና ስለ ተሸካሚው ጥርስ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፥ የጥርስ ድልድይ የተሸከመው ጥርስ ሲጐዳ ይነቀል ወይስ ይታከም የሚለውን ጥያቄ ነው። ከሚዛን ተፈሪ በስተደቡብ በሚኖሩት በሱሪዎች ዘንድ፥ ሴቶች የከንፈር ሸክላ ለማድረግ የታችኛውን የፊት ጥርስ ያስነቅላሉ፤ ክፍተቱ ለጌጡ ቦታ ነውና ሊሞላ አይፈለግም። በጥንታዊት ኢጣልያ የነበሩት ኤትሩስካውያን ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ፥ በጐደለው ጥርስ ፈንታ ሌላ ጥርስ በወርቅ ቀለበት ከጐረቤቶቹ ጋራ ያስሩ ነበር። እንዲህ ባለው ሥራ ተሸካሚው ከወደቀ ድልድዩም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ከቴፒ ወይም ከበበቃ የቡና እርሻ የሚመጣ ታማሚ ለመንቀል ሳይቸኩል፥ አስቀድሞ ሥሩን በራጅ እንዲያስመረምር እናሳስባለን። ሥሩ ጤነኛ ከሆነ ድልድዩ ተነሥቶ ጥርሱ ሊታከም ይችላል፤ ቁልቁል ከተሰነጠቀ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመንቀል በቀር መፍትሔ የለውም።