የውፍረት ሂሳብ

በእኛ አገር ወፈር ያለን ሰው «ተመችቶሃል» ማለት ደግ ቃል ነበር። ዛሬ ዛሬ ግን በከተማው ያው ሥጋ የሆዳምነት ምስክር ሆኖ ይቆጠርበታል። የሁለቱም ፍርድ መነሻ አንድ ሂሳብ ነው፤ ከወጣው የገባው ከበለጠ ይጠራቀማል የሚል።

ይህን ሂሳብ በሰው ላይ በሥርዓት የለካው አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዊልበር አትዋተር ነው። በ1890ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኮኔቲከት ግዛት፣ በሚድልታውን ከተማ፣ ኤድዋርድ ሮዛ ከተባለ የፊዚክስ ሊቅ ጋር ግድግዳዋ በመዳብ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ሠራ። ሰው ለቀናት ይዘጋባታል። ምግቡ በትንሽ መስኮት ይገባለታል፤ ታጣፊ አልጋ አለችው፤ ባለችበት የምትሽከረከር ብስክሌትም አለች። ከገላው የሚወጣው ሙቀት በቧንቧ በሚያልፍ ውሃ ይለካል፤ ትንፋሹ፣ ሽንቱ፣ ዓይነ ምድሩ ሳይቀር ይመረመራል። (እንዲህ እየተቆጠረበት ምግቡ እንዴት እንደጣፈጠው እንጃ!) በመጨረሻ የገባውና የወጣው ኃይል ለጥቂት ካልሆነ በቀር እኩል ሆኖ ተገኘ። ዛሬም ለአንድ ግራም ስብ 9፣ ለፕሮቲንና ለስኳር ነክ ምግብ 4 ካሎሪ የምንለው ከእርሱ የወረስነውን ነው።

ሂሳቡ ትክክል ነው። እኔ የማልቀበለው ከሂሳቡ የተቀዳውን ፍርድ ነው። የመዳቧ ክፍል ስንት እንደገባ ትናገራለች እንጂ ሰውየውን ምን እንዳስራበው አትናገርም።

ይህን ጉድለት ያጋለጠው መድኃኒት ነው። በሴፕቴምበር 1948 በማዮ ክሊኒክ ሐኪሙ ፊሊፕ ሄንች በመገጣጠሚያ ሕመም አልጋ የያዘችን የ29 ዓመት ሴት ኮርቲሶን ወጋት። በቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች። ሄንችም ከኬንዳልና ከራይክስታይን ጋር በ1950 ኖቤል ተሸለመ። ብዙ ሳይቆይ ግን መድኃኒቱን የሚወስዱ ሕሙማን ፊታቸው እንደ ጨረቃ ክብ ሆነ፤ ሆዳቸውና ማጅራታቸው ሲወፍር ክንድና እግራቸው ሰለለ። ኮርቲሶን ረሃብን ይቀሰቅሳል፣ ጨውና ውሃን በገላ ያስቀራል፣ ስብንም ቦታ ያዛውራል። ከ1952 ጀምሮ የአእምሮ ሕሙማንን ያረጋጋው ክሎርፕሮማዚንም ብዙዎችን አወፈረ።

የኮርቲሶን ዘመድ የሆነው ፕሬድኒሶሎን ዛሬም በየመድኃኒት ቤታችን አለ። «ምን ብትበላ ነው?» የሚለው ሐሜት ሲበዛባት ክኒኑን የምትጥል ሴት አትጠፋም። ለሳምንታት የወሰደው ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ግን ከኩላሊት በላይ ያለችው እጢ፣ ሥራዋን መድኃኒቱ ይዞላት ስለከረመ፣ ቶሎ አትነቃም፤ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። ሐኪሞች መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንሱት ለዚህ ነው።