ምስጥ የማይበላው ብር

ከሴቻ ተነሥቶ ወደ ጉጌ ተራሮች የሚወጣ መንገደኛ ደጋው ላይ ዶርዜን ያገኛል፡፡ በዚያ ቤት እንደ ሸማ ነው የሚሠራው፤ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ድርና ማግ ሆኖ ይታታል፣ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ቅርፊት ይከደናል፡፡ አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፡፡ ከዚያ በኋላ ግን ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፤ ቤቱም ከዓመት ዓመት እያጠረ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ያረጃል፡፡ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሀብት የት ይደበቃል? መልሱ ሀብቱ ከምን እንደ ተሠራ ይወሰናል፡፡

ገንዘባችንን «ብር» ስንል የማዕድን ስም መጥራታችንን እንዘነጋለን፡፡ ለአያቶቻችን ግን ብር፣ ብር ነበር፡፡ ጠገራ ብር ያሉት የኦስትሪያዊቷ የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበትን፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝነውን ነው፡፡ እርሷ የሞተችበት ዓመት፣ 1780 እ.ኤ.አ.፣ እንደ ተቀረጸበት ከሞቷ በኋላም ሲመታ ኖሯል፡፡ ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት የተቀረጸበትን የራሳቸውን ብር ቢያስመቱም የባላገሩ ልብ ቶሎ ከማርያ ቴሬዛ አልተላቀቀም፡፡

ጠገራን ምስጥ አይበላውም፤ አይጥ አይቆረጥመውም፤ ንጉሥ ሲሞት አብሮ አይሞትም፡፡ ስለዚህ በማሰሮ ተከድኖ ከምሰሶ ሥር ይቀበራል፣ ከምድጃ ጥግ ይገባል፣ ከጎታው እህል መካከል ይሰጥማል፡፡ አንዳንዱም በአደባባይ ይደበቃል፤ አንጥረኛ ቀልጦ መስቀልና አምባር ያደርገዋል፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ተመልሶ ሚዛን ላይ ይወጣል፡፡ ሴቲቱ ደግሞ መቀነቷ አለላት፡፡ በዚያች ቋጠሮ ውስጥ ያለው ጥቂት ቢሆንም ማንንም ሳታስፈቅድ የምታዝዝበት ግምጃ ቤቷ ነበር፡፡

የጋሞ ደጋ ሰው ሌላም መሸሸጊያ ነበረው፡፡ ቆጮው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቀመጣል፤ መሬቱ ራሱ ጎታ ነው፡፡ በሀገራችን በብዙ ቦታ እንደሚደረገውም ከብትን ለሌላ ሰው የርቢ መስጠት ሀብትን ከሌባና ከበሽታ በአንድ ጊዜ መሸሸግ ነው፡፡

በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፡፡ የባላገሩን ማሰሮ ግን ለረጅም ዘመን አልነካውም፡፡ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ገንዘብ ሲወጣም መንግሥት የሕዝቡን ጥርጣሬ ያውቅ ነበርና የ50 ሣንቲሙን ከብር አስመታው፡፡ ብሩ ራሱ ግን ወረቀት ነው፡፡ የወረቀቱ ዋጋ ደግሞ በራሱ ውስጥ የለም፤ ሩቅ በተቀመጠ መንግሥት ቃል ውስጥ ነው፡፡

እጅ ግን ከልማዱ አልወጣም፡፡ ለብር የተማሰው ጉድጓድ ወረቀት ተቀበለ፡፡ ያን ጊዜ ምስጡ ጠላት ሆነ፤ ከምስጡ የከፋው ግን አዋጅ ነበር፡፡ በ1969 ዓ.ም. ደርግ የንጉሡ ምስል ያለበትን ኖት ለወጠ፡፡ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንደሚለወጡና የ200 ብር ኖት እንደሚጨመር ተነገረ፤ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር፡፡ መስቀል ሊደርስ 13 ቀን ሲቀረው፣ የጋሞ ሸማኔ ዓመቱን ያጠራቀመውን ይዞ ወደ አገሩ በሚመለስበት ሰሞን መሆኑ ነው፡፡ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሰማ ይለውጣል፤ ለማንም ሳይናገር የሞተ አባት ማሰሮ ግን አይሰማም፡፡

የአባቶቻችን የመደበቅ ጥበብ ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል፡፡ ምስጢሩ የሚጠበቀው በዝምታ ነው፤ ዝምታ ደግሞ ከሰውየው ጋር ይቀበራል፡፡ ጠገራ ቢሆን ኖሮ ከመቶ ዓመት በኋላ ለቈፈረው የልጅ ልጅ ያው ብር ነው፡፡ ወረቀቱ ግን የሚጠብቀው የለም፡፡ ዕቁብ ይህን አስቀድሞ የተረዳ ይመስላል፤ ገንዘቡን የሚደብቀው በሰው መካከል ነውና አንዱ ቢሞት ሌላው ያውቃል፡፡

ዛሬ በሴቻ ባንክ ቅርብ ነው፡፡ ሆኖም መቀነቷን ፈትታ የምትከፍል እናት ከገበያው አትጠፋም፡፡ ቋጠሮዋን አለማወቅ ነው ብለን እንዳንስቅባት፡፡ ይልቅ አጠገቧ ቁጭ ብለን እንጠይቃት፤ የት እንደ ደበቀች ሳይሆን ማንን አምና፣ ከማን ሸሽጋ እንደ ኖረች፡፡ ማሰሮው ባዶ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ይህ ታሪክ ለልጆቿ ይተርፋል፡፡